ላሞቹ ያልሰሙት ሞተር

በተራራው ግርጌ ባለችው ከተማ የሚያውቃት ሁሉ «መርፌዋ» ይላታል። ሥራዋ ከብት መከተብ ነው። የዕድሜዋን ግማሽ ያህል የክትባቱን ሳጥን ከኋላዋ አስራ፣ በቤንዚን ሞተር ሳይክል ወደ ላይኞቹ መንደሮች ስትወጣ ስትወርድ ኖራለች። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ላሞች አፍ ቢኖራቸው ግን «እኛ ነን» ባሉ ነበር። የሞተሯን ድምፅ ገና ከሸለቆው ማዶ ሲሰሙ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ነው። ባለቤቶቹም ያንኑ ድምፅ ሰምተው ዱላ እያነሱ ይወጣሉ። ግማሹ ቀን በሩጫና በእርግማን ያልቃል።

ሞተሩን የሚጠግነው ባሏ ነው። ጋራዡና ቤታቸው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። መንዳት ያስተማራትም እሱ ነው፤ ሳይጋቡ፣ በዚያው ሞተር ላይ። ያን ጊዜ ከኋላዋ ተቀምጦ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ እንቁላል እንደያዝሽ» ይላት ነበር። ዛሬም ቤንዚን ሲሸታት የዚያ ወጣት ትንፋሽ አንገቷ ሥር ይሰማታል። ወጣቱ አሁን ሆዱ ገፍቷል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል። ሽታው ግን አላረጀም።

ካቻምና ድንጋያማው አቀበት ላይ ሞተሩ ጠፋባት። አንድ እግሯን መሬት፣ አንዱን መቀስቀሻው ላይ አድርጋ ስትረግጥ ሚዛኗን ሳተች፤ ያ ሁሉ ብረት በግራ እጇ ላይ ወደቀ። አንጓዋ ዳነ ተባለ። ዳነ፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ በግራ እጇ ፍሪሲዮን ስትጨብጥና ስትለቅ ከዋለች ማታ ብርጭቆ ማንሳት ያቅታታል። ለባሏ አልነገረችውም። እሱም እንዳላወቀ ሆኖ ሻይዋን በቀኝ እጇ በኩል ያስቀምጥላት ጀመር።

የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ግን የእጇን ድካም አይቶ አላለፋትም። ቢሮው ጠርቶ «እህቴ፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ወንበር አለ» አላት።

ዕድሜ ልኳን ከተራራ ተራራ የኖረች ሰው፣ ማኅተም ስትመታ ልትውል!

«ወይም ደግሞ» አለ ኃላፊው ፊቷን አይቶ፣ «አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሙከራ መጥቶልናል። ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው። ላይኛው መንደር ደርሶ በራሱ ጉልበት ከተመለሰ ሞተሩም መንገዱም ያንቺ ነው። በሌላ ተጎትቶ ወይም ተጭኖ ከመጣ ግን ወንበሩ ይጠብቅሻል።»

ባሏ አዲሱን ሞተር ግቢ ውስጥ ሲያየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞረው።

«ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው የታለ?»

«የለውም።»

«እሳት የሚጭርለት ካንዴላስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ባትሪ።»

«ይሄማ ፍሪጅ ነው! ፍሪጅ ላይ ተፈናጥጠሽ ተራራ ልትወጪ ነው? አንቺ ሴትዮ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«አንተ የምትፈታታው ነገር ስለሌለው ነው የጠላኸው» አለችና ተፈናጥጣ ቁልፉን አዞረች። ኮሽ አላለም። አልተነሳም ብላ፣ የቤንዚኑን እንደለመደችው የቀኙን እጀታ ጠመዘዘችው። ለካ ተነስቶ ኖሯል። ተስፈንጥሮ የልብስ ማስጫውን ገመድ በጠሰ፤ እሷም ከባሏ ሸሚዞች ጋር ተጠቅልላ አጥሩ ሥር ቆመች። ባሏ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔ ሸሚዜን ሳልለብሰው ሞተሩን አለበስሽው!»

በማግስቱ በጠዋት ወጣች። በመንገዷ ካለው ወንዝ ድንጋዮች ላይ ስትደርስ የግራ ጣቶቿ ፍሪሲዮን ፍለጋ አየር ጨበጡ። ደነገጠች፤ ሞተሩ ግን እንደያዘችው ዝግ ብሎ ተሻገረ። ካቻምና የጣላት አቀበት ላይ ደረሰች። እዚያ ቦታ የቤንዚኑ ሞተር ፍጥነት ሲቀንሱለት ይጠፋል፣ ሲጨምሩለት ጎማውን በከንቱ ያሽከረክራል። ይሄኛው በሰው እርምጃ ልክ፣ ሳያጓራ፣ ሳይጠፋ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገጠ ወጣ። እንከን አልባ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ ሲያዘነብል እንደ ጠገበ በሬ አልመለስ ይላል። ባትሪውም ዳገት ላይ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ቤንዚን ቢሆን ላይ ባለችው ሱቅ በጠርሙስ ይገኛል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን እዚያ አልደረሰም።

ገደሉ ሥር የውሃ ድምፅ ሰማች። ቆመች። ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ስታልፍ እዚህ ምንጭ እንዳለ አታውቅም ነበር። ስንት ነገር ሳልሰማ አልፌ ይሆን? አለች በሆዷ። ደስታ ይሁን ሐዘን ለራሷም አልለየላት።

ላይኛው መንደር ስትደርስ ላሞቹ ከዛፉ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። አንዳቸውም አልተነሱም። ሰውም የለም። ሰዎቹም እንደ ላሞቹ ድምፁን ነበር የሚጠብቁት። በከብቶቹ መካከል መርፌዋን ይዛ፣ ጠሪ እንደሌላት እንግዳ ግራ ገብቷት ቆመች። በመጨረሻ የላሞቹ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ውሃ ሊደፉ ወጥተው አዩዋት።

«ውይ! አንቺ ልጅ፣ ከሰማይ ነው ዱብ ያልሽው?»

«በሞተር ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«የቱ ሞተር? ደነቆርኩ ማለት ነው?»

«ጆሮዎ ደህና ነው። አዲሱ ዝምተኛ ነው።»

«እንደ ሟቹ ባሌ» አሉ አሮጊቷ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «እሱም ሳይናገር ነበር ሥራውን የሚጨርሰው።»

ሥራው ባልተለመደ ፍጥነት አለቀ። የተወጋች ላም ቅር ብሏት ቀና ትላለች፣ ከዚያ ወደ ማመስኳቷ ትመለሳለች። የሮጠም የረገመም የለም። ሳጥኗን ስትዘጋ አሮጊቷ ልብሳቸውን እያፍተለተሉ ቀረቧት።

«ከጉብታው ወዲያ የልጄ በረት አለ። አምና ከብቶቹ ከሞተርሽ ሸሽተው ሳይከተቡ ቀሩበት፤ ጥጆቹን በሽታው ፈጃቸው። ከደከመሽ ግን ይቅር፣ ልጄ።»

ሞተሩ ላይ ያለችውን፣ የባትሪውን ልክ የምታሳየውን ትንሽ መስኮት አየች። የቀረው ባትሪ ቤቷ ያደርሳታል፤ ጉብታውን ወጥታ ከተመለሰች ግን ማንም ዋስ አይሆናትም። መዝገብ ክፍል ያለው ወንበር ታወሳት፤ መስኮት እንኳ የሌለው ክፍል ነው። ከዚያ አምና ያመለጧት ጥጆች ታወሷት። ሳጥኑን መልሳ አሰረችና ወደ ጉብታው አቀናች።

የልጃቸውን ከብቶች ከትባ ስትመለስ ቁልቁለቱ አገዛት። እጀታውን ስትለቀው ሞተሩ ራሱን እየያዘ ይወርዳል፣ ጥቂት ጉልበትም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ግን ከከተማው በፊት የመጨረሻዋ ዳገት አለች። ዳገቷ ሥር ስትደርስ ቀይ መብራት በራ፤ ሞተሩም አቅም አጥቶ ተንቀረፈፈ።

ከላይ የቤንዚን ሞተር እያጓራ ወረደ። ባሏ ነው። ትከሻው ላይ ገመድ አንጠልጥሏል።

«ማን ለመነህ?» አለችው።

«ፍሪጁ። ሲያቃስት ጋራዥ ድረስ ተሰማኝ።» ሳቀ፤ ከዚያ እጇን አይቶ ሳቁ ጠፋ። «ልጎትትሽ። እስከ ጫፉ ብቻ። ማንም አያይም።»

«እኔ አያለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ...»

«ገመድህን ያዝ።»

ወረደች። የሞተሩ ሸክም እንዲቀልለት ከጎኑ ሆና፣ የታመመች ላም እንደሚመሩ፣ እጀታውን በጣም በትንሹ ጠምዘዝ አድርጋ ሄደች። ሞተሩ ራሱን ብቻ ተሸክሞ መንቀሳቀስ ጀመረ። ባሏ የቤንዚኑን ሞተር መንገድ ዳር ጥሎ ተከተላት፤ ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ በዓይኗ መለሰችው። ስለዚህ የክትባቱን ሳጥን ፈትቶ ተሸከመና ጎን ለጎን ወጡ። ሁለቱም ያለከልካሉ። ጫፉ ላይ የከተማው ጣሪያዎች ታዩ።

ተፈናጠጠች።

«እኔስ?» አላት፣ ሳጥኑን እንደታቀፈ።

«አንተማ የምታውቀው ሰይጣን ከታች እየጠበቀህ ነው» አለችና ተንደርድራ ወረደች።

ኃላፊው የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ብቻ ዘሎ ዞረ። ቀዩን መብራት ጎንበስ ብሎ አየው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ሊሞት ነው።»

«ሊሞት ነው፤ አልሞተም። ማንም አልጎተተውም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ የመጨረሻዋን ዳገት ከሞተሩ ወርጄ በእግሬ ነው የወጣሁት።»

«ለምን?»

«ከጉብታው ወዲያ ያልተከተቡ ከብቶች ነበሩ።»

ኃላፊው አገጩን አሻሸ። ከዚያ በሩን ከፈተላትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አሳያት።

«ለወደፊቱ ለጉብታው ለብቻው ቀን ያዥለት። በአንድ ቀን ሁለቱ አይሆንም።»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»