የእኔ ብርድ ልብስ፣ የጎረቤቴ ድምፅ

ታናሽ እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ ይዛ የመጣችው ማይክሮፎን ነው። የምታጠናው የንግግር ድምፆችን ነው። ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ካለው ቤታችን አንዱን ክፍል ያዘችና የባጃጁ ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። የእኔን ብርድ ልብስ። ከዚያ ከአጋሮ ተድራ የመጣችውን ጎረቤታችንን ለቀረጻ ጠራች።

እኔስ? የጅማ መርካቶ ቅቤ ስሸጥ ቀኑን ሙሉ በአማርኛም በኦሮምኛም የምለፈልፈው ማን ሆነና?

«ያንቺ አፍ ቅልቅል ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ ጥርት ያለ ኦሮምኛ ነው የምፈልገው።»

ጅማ ውስጥ የማይቀላቅል ሰው ፍለጋ!

ነገሩን አስረድታኛለች፤ ደደብ አይደለሁም። በኦሮምኛ ቅቤ «ዸዻ» ነው። «ዸ» ሲባል ምላስ ወደ ላይ ታጠፍ ይልና ትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሳባል። አማርኛ ይሄ ድምፅ የለውም። እህቴ እንደገመተችው ሁለቱን ቋንቋ የሚቀላቅል ሰው ጭንቅላት ውስጥ «ዸ» እና «ደ» ቀስ በቀስ አንድ ይሆናሉ። «ግን አፍ ካልተለካ ግምቱ ወሬ ነው» ትላለች።

ጎረቤታችን ማይክሮፎን ፊት ስትቀመጥ ዜና አንባቢ ሆና አረፈችው።

«ዘና በይ እንጂ የኔ ቆንጆ» ትላታለች እህቴ።

የኔ ቆንጆ! እኔን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«እናንተ እዚህ ተጫወቱ፣ ዸዻው ፀሐይ ላይ ቀልጦ ሊያልቅ ነው! ደግሞ ብርድ ልብሴን አውርጂልኝ!»

እህቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ለካ መቅጃው እየሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የድምፄን ሥዕል አጉልታ አየችው።

«እዪ! አማርኛ መሃል ገብታ እንኳ ዸ-ዋ ዸ ናት፣ የ‹ደግሞ› ደ-ዋም ደ። ጭንቅላትሽ ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ግምቴ ፉርሽ ሊሆን ነው!» በደስታ ዘለለች።

«እንግዲያው እኔን ቅጂኛ» አልኳት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

«አሁንማ ነቅተሻል፤ ተጠንቅቀሽ ታበላሺዋለሽ። ነገ ገበያ መጥቼ ስትጨቃጨቂ ልቅዳሽ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጠዋት አዲሱን ሹራቤን ለበስኩ። መጣች። ከጎኗ ግን የአጋሮዋ አለች፣ ማይክሮፎኑን አቅፋ።

«እጇ የረጋ ነው» አለች እህቴ።

«ዸዻው ስንት ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ እየሳቀች።

«ዸዻው ላንቺ አይሸጥም! ደግሞ ከፊቴ ዞር በይልኝ!»

እህቴ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ፤ እንደዚያው ቀጥይ ማለቷ ነው።