ኋላዋ ዝቅ ያለች መኪና

የቤንዚን ሽታ ሲመጣብኝ፣ ልጄ፣ ወገቤን ጣት የሚያንኳኳኝ ይመስለኛል። ዛሬም አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆማ ሸተተኝና ቅቤ ማንጠሬን ትቼ ቁጭ አልሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኛ ሐይቅ ከተማ ነን። ወጣት ወንድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። ወንድሜ ቆጥ ላይ ተደብቆ ሰነበተ፤ ባቲ አክስታችን ዘንድ ካልደረሰ አለቀለት። መውጫው ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ጠባቂዎቹ ሁሉን መኪና አያስከፍቱም፤ ኋላው ዝቅ ያለውን ግን ሰው ደብቋል ብለው አይምሩም።

ጎህ ሲቀድ የአጎቴ ኦፔልና የክርስቲያኑ ጎረቤታችን ፊያት ግቢያችን ገቡ። ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማቸው ነው፤ ሌላው ለየቅል።

«የእኔዋ ሞተሯ ብርቱ፣ የኋላ ኮፈኗ ሰፊ። ልጁ ይተነፍስባታል» አለ ጎረቤታችን።

«የአንተዋ ባለ ሞላ ናት፣ ጭነት ሲያርፍባት ትሰግዳለች! የእኔዋ ብትጠብም፣ ጉልበቷ ቢያንስም፣ ባሌስትራዋ ድንጋይ ነው፤ ጭነት ቶሎ አያጎብጠውም» አለ አጎቴ።

«እንግዲያ ይለካ» አለች እናቴ። ወንድሜን በሁለቱም የኋላ ኮፈን ውስጥ በየተራ አስተኙት፤ እሷ በጎማውና በመከለያው መካከል ጣቷን እያስገባች ለካች። ፊያቷ አራት ጣት ወረደች፣ ኦፔሏ ሁለት።

«ያ ረቢ! ሁለትም ብዙ ነው» አለች።

ይሄኔ የጎረቤታችን ሚስት ጋቢዋን ተከናንባ መጣች። እንደሷ ወፍራም በከተማው አልነበረም። «እኔ ሐኪም ቤት የምሄድ በሽተኛ ነኝ፤ ከኋላ ልቀመጥ። ዝቅ ካለችም በእኔ ይታሰብ። ዕድሜ ልኬን የተቀለደበት ሥጋ ዛሬ ለቁም ነገር ይዋል!» በእንባችን መካከል ሳቅን። እኔም አስታማሚ ተብዬ ከጎኗ ተሻጥሁ። አጎቴ ወንድሜን ከኋላ ኮፈኑ ከትቶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ኦፔሏን አስነሳ።

ኬላው ላይ ወታደሩ ዞሮ ኋላዋን አየ። መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፤ የሐይቁ ነፋስ በመስኮት ይገባል። ከወንበሩ ጀርባ የወንድሜ ጣት ወገቤን ኳ ኳ አደረገኝ። ዝም እንዲል ጀርባዬን ጫን አደረግሁበት።

«ምነው ተንበረከከች?» አለ ወታደሩ።

«ታዲያ እኔን ተሸክማ ልትጨፍርልህ ኖሯል?» አለችው ሴትዮዋ፣ እያቃሰተች።

ሳቁ አመለጠውና የኬላውን ገመድ ለቀቀልን።

ወንድሜ ባቲ ደረሰ፤ ከዚያም በበረሃው አድርጎ ከአገር ወጣ። ወሬውም አልተመለሰ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለሱ ሲጠይቋት ሁለት ጣቷን አንስታ ታያቸው ነበር።

እኔም ዛሬ በአስፋልቱ መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ የማየው ኋላውን ነው። ዝቅ ብሎ ከታየኝ፣ እስኪያልፍ ጀርባዬን ከግድግዳው ጫን አደርጋለሁ።