በነጠላዬ የጠቀለልኩት የጀግኖች መጽሐፍ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ጫፉን ነው። «ዋሽቻለሁ፣ አባ» አልኳቸው። ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ያዘዙኝን ስግደት ሰገድኩ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ እጽፈዋለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል ይባላል። እኔ ግን የምጽፈው እንዲቀለኝ አይደለም።

አንዲት ልጅ ሌባ አሰኝቻለሁ። የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ሥራዬ ከማሽን የወጣውን ጨርቅ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ እየሳብኩ ጉድለቱን መፈለግ ነው፤ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ። ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። የቀረችኝ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ማርታ ናት።

ጎረቤታችን ዘሃራ የወሎ ሰው ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ዕቃ ያመላልሳል። ልጃቸው ከድጃና ማርታ እኩያ ናቸው፤ አንድ ክፍል ይማራሉ። ከድጃ የወፍ በሽታ ይዟት አንድ ወር ከትምህርት ስትቀር፣ ማርታ የየዕለቱን ትምህርት በእጇ እየገለበጠች ትወስድላት ነበር። አባትየው ይህን ሰምቶ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ ለማርታ አንድ መጽሐፍ ይዞላት መጣ።

መጽሐፉ በሥዕል የሚተረክ ነው። አሁን ልጆች «ሱፐር ሂሮ» የሚሏቸው ዓይነት ሰባት ጀግኖች አሉበት፤ የሚበሩ፣ ግንብ የሚያፈርሱ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ስለሆነ በሰፈራችን የሚያነበው አልነበረም። ልጆቹ ግን ጽሑፉ አልጎደለባቸውም። ሥዕሉ በመስመር ተነድፎ ቀለም የተሞላ አይደለም፤ እያንዳንዱ ገጽ በብሩሽ የተቀባ ነው። ጭሱ ጭስ ይመስላል፤ ፊቱም የሰው ፊት ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በየቀኑ ታሪኩን እንደ አዲስ ይፈጥሩታል።

«ዛሬ የምትበረዋ እኔ ነኝ» ትላለች ማርታ።

«ትናንትም አንቺ ነበርሽ! እኔ ሁልጊዜ ሽማግሌው ልሁን?»

«ሽማግሌው እኮ አለቃቸው ነው።»

«አለቃ ከሆነ ለምን ሁሌ እሱ ይደበደባል? ደግሞ አንቺ ክንፍ ቢሰጥሽ የት ልትደርሺ ነው? የትምህርት ቤቱን አጥር መዝለል አቅቶሽ ቀሚስሽን የቀደድሽ!»

ከዚያ ይሳሳቃሉ። ከድጃ ስትነሳ አንዳንዴ፣ «አባቴ ያመጣው እኮ ነው፤ አንድ ቀን ይዤው እጠፋለሁ» ትላለች። ቀልድ ነበር። እኔም ውስጥ ሆኜ እሰማው ነበር። ያ ቀልድ በኋላ ጠቀመኝ።

ዓርብ ቀን ነው። ማርታ ክፍል መጥረግ ተራዋ ስለነበር ዘግይታለች። ከድጃ ብቻዋን መጥታ እኛ ቤት ረስታው የነበረውን ደብተር ወሰደች፤ «ደህና ይዋሉ» ብላኝ ሄደች። አልጋ ሳነጥፍ መጽሐፉን ከማርታ ትራስ ሥር አገኘሁት። ከዚያ በፊት ገልጬው አላውቅም። መካከሉን ከፈትኩት። የምትበረዋ ሴት ገጹን ሙሉ ይዛለች። የተሳለችው በጎን ነው። የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

እንዴት እንዳደግኩ ልንገራችሁ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይዞኝ ሲሄድ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያሳየ ያስተምረኝ ነበር። ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ወደ እኛ ያዞራሉ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች ግን በጎን ይሳላሉ፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ሳልቆጥር የለየሁት ይህንን ነው። እናም ልጄ በትራሷ ሥር ምን አድርጋ እንደምትተኛ ሳይ ፈራሁ። ገጹን አላገላበጥኩም። መጽሐፉን ባሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩ። ለንስሐ አባቴ አሳያለሁ፣ እሳቸው የሚሉትን አደርጋለሁ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት የእናት ፍርሃት ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ከዚህ በኋላ ላለው ግን ምክንያት አትፈልጉልኝ። እኔም አላገኘሁለትም።

ማርታ መጣች። ፈለገች። ፍራሹን ገለበጠች።

«እማዬ፣ መጽሐፌን አይተሽዋል?»

«የትኛውን መጽሐፍ?» አልኳት።

ጥያቄ እንጂ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ትንሽ ቆይታ፣ «ከድጃ መጥታ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«መጥታ ነበር።»

ይኸው ነው። የሠራሁት በደል ሁለት ቃል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከድጃ መጥታ ነበር። ደብተሯን ይዛ መሄዷን ለምን አልጨመርኩም? የልጄ ፊት ሲለወጥ አይቼ ለምን ዝም አልኩ? እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉድለት ሳይሆን የጨርቅ ጉድለት የምፈልግ ሴት፣ በገዛ አፌ የወጣውን አላየሁትም ልበል? አየሁት። እንደ ጨርቁ ጉድለት መቁረጥ ነበረብኝ፤ አሳለፍኩት።

በማግስቱ ከቦኖው ውሃ ፊት፣ ሰው ተሰልፎ እያለ፣ ማርታ ጓደኛዋን «ሌባ!» አለቻት።

«ወላሂ አልወሰድኩም!»

«እጠፋለሁ ስትዪ አልነበር? ሌባ!»

እኔ ጀሪካኔን ይዤ ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። አልተናገርኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት ዘሃራ ቤቴ መጣች። ከድጃ ከኋላዋ ቆማለች፤ መሬት መሬት ታያለች። «አስካልዬ» አለችኝ ዘሃራ፣ «ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ፈለግኩ፤ የለም። ልጄ አልወሰድኩም ብላ ምላለች። ብቻ የልጄ ስም ስለተነሳበት ነገር ይቅር በይኝ። አባቷ ሲመለስ ሌላ ያመጣላታል።»

እኔም፣ «ተይው እባክሽ፣ የልጆች ነገር ነው» አልኳት። ይቅር አልኳት! ሳጥኑ ከጀርባዬ ነበር፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ። እኔ ይቅር ባይ ሆኜ ሸኘኋቸው።

ለንስሐ አባቴ መጽሐፉን አላሳየሁም። ባሳያቸው ከየት እንዳመጣሁት መናገር ሊኖርብኝ ነው። በዚህ ፈንታ፣ ማርታ ትምህርት ቤት ስትሆን፣ ሳጥኑን ከፍቼ አየው ጀመር። መጀመሪያ ያየሁት ክፋቱን ፍለጋ ነው። አንድ ገጽ ገለጥኩ። የምትበረዋ ሴት ፊቷን አዞረች፤ ሁለት ዓይን አላት። በጎን የነበረችው አጠገቧ የወደቀ ጓደኛዋን እያየች ኖሯል።

አንድ ገጽ ብቻ ነበር የቀረኝ። አንድ ገጽ ሳልገልጥ ነው በሰው ልጅ ላይ የፈረድኩት።

ከዚያ ወደድኩት። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ወደድኩት። የጀግኖቹ ልብስ ቆዳቸው ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ጨርቅ ነው። ክብደቱን አውቀዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ ይሸበሸባል፣ ብብታቸው ላይ ላብ አለው፣ የሽማግሌው ካባ ጫፉ ተበልቷል። የሳለው ሰው ጨርቅ በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ነው። ሰባቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ይኮራረፋሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ግን ያኮረፈውም ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉ የምወደው ውጊያ የሌለበትን ገጽ ነው። ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሲነጋጋ፣ በፈረሰው ግንብ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል። አንዷ ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች። ከአዳር ሥራ ወጥተን የፋብሪካው በር ላይ ታክሲ ስንጠብቅ እኛን የሳሉን መሰለኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያን ገጽ ሳይ ነበር መጀመሪያ ፈገግ ያልኩት።

አንድ ቀን እንዲሁ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ሳይ ቆይቼ ስነሳ፣ ለዘሃራ አውሼው የነበረው ወንፊት ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማን እንዳመጣው አላወቅኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ጠርጥሬ ነበር። ግን ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ሳንባ ምች ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ዘሃራ በየጠዋቱ አጥሚት ይዛ ትመጣ ነበር። ጾሜን ታውቃለች፤ ወተትም ቅቤም አታስነካውም። ቀና አድርጋ ታጠጣኛለች። ማርታን አበጥራ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ማርታና ከድጃ ግን አይነጋገሩም። ለምን ያኔ፣ ጽዋው አፌ ላይ እያለ፣ አልተናገርኩም? ብናገር አጥሚቱ የሚቀርብኝ መስሎኝ ይሆን? እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ዓመታት አለፉ። ዘሃራና ባሏ ወሎ ገቡ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶኝ ከማርታ ጋር ኮዬ ፈጬ ገባን። ማርታ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። ካቻምና ከብሎካችን ሥር ፋርማሲ ተከፈተ። የፋርማሲውን ባለቤት ሳያት በዓይኗ አወቅኳት፤ ከድጃ ናት። የደም ግፊት መድኃኒቴን ከእሷ እወስዳለሁ። ማርታ ግን በደጇ አታልፍም። «ከእሷ ነው የምትገዢው? እንግዲያው ኪኒኑን ቆጥረሽ ተቀበይ» ትለኛለች እየሳቀች። ሃያ ዓመት ያህል አልፎ አሁንም ትስቃለች። ሳቁን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ከድጃ ግፊቴን ስትለካ፣ «እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ከፍ ብሏል። ጨው አበዙ እንዴ?» አለችኝ።

«ጨው አይደለም።»

«ታዲያ?»

«መጽሐፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

የመለኪያውን ጨርቅ ከክንዴ ቀስ ብላ ፈታችው። «አውቃለሁ» አለች። «ወንፊቱን ልመልስ መጥቼ አየሁዎት።»

እሷ ቀጠለች። «ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ግን፣ ዝም በይ፣ የሰው ገመና ነው አለችኝ። ልጅቷ አባቷን ቀብራለች፤ የቀረቻት እናቷ ናት፣ እሷንም ልታሳጪያት ነው ወይ አለችኝ።» ከዚያ ሳቅ አለች። «እኔ እንደ እማዬ ጥሩ አልነበርኩም። ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ምን ቀረብኝ? ሁልጊዜ ሽማግሌውን ከመሆን ተገላገልኩ።»

ዘሃራ ታውቅ ነበር። አጥሚቱን ስታጠጣኝ ታውቅ ነበር። የማርታን ጠጉር ስታበጥር፣ ልጇን ሌባ ያለችውን ልጅ ራስ በእጇ ይዛ፣ ታውቅ ነበር።

መጽሐፉን ላምጣልሽ ስላት ከድጃ፣ «የማርታ ነው። ግን አሁን ምን ያደርጋል፣ ይተዉት እትዬ፤ ከልጅዎ ጋር በሰላም ይኑሩ» አለችኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ደረጃውን ወጣሁ። አሁንም ልትሸፍነኝ ነው፣ አሁንም ልሸፈን ነው። ያን ምሽት ማርታ የመድኃኒቱን ከረጢት አይታ፣ «ቆጠርሽው?» አለችኝ። ከድጃ ይህንን የሌብነት ስም ዕድሜዋን ሙሉ ለእኔ ስትል ተሸክማለች። ከእንግዲህ አንድ ቀን ልትሸከምልኝ አይገባም።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በመተላለፌ ቀን ጎረቤቴ አድርጎ ያስቀመጣቸውን ሰዎች አመሰግናለሁ። የሌላ እምነት ሰው ጾሜን ጠብቃልኛለች፤ እኔ የራሴን ትእዛዝ አልጠበቅኩም። ለዘሃራ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነግሬያታለሁ። «ምኑን ነው የምታወሪው፣ አስካልዬ? ጆሮዬ ደክሟል» አለችኝና ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ጆሮዋ ደህና ነው። ምስጋናዬ ግን በደሌን አያሳንሰውም። ባሏ የሞተባት ሴት ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነበር አልልም። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ማርታ፣ ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ። ዛሬ ከሥራ ስትመለሺ ጠረጴዛው ላይ ከመጽሐፍሽ ጋር ታገኚዋለሽ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ግን አሁኑኑ እንድትመልሺልኝ አልፈልግም። እኔን ለመቆጣት ጊዜ አለሽ፤ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ቦርሳሽን አስቀምጪና መጀመሪያ ወደ ታች ውረጂ። ከድጃ ሁለት ሰዓት ላይ ትዘጋለች።