የምንጫችን ዳያተምና ያልተማረ ዓይኔ

«ይህችን ውኃ ሰው እንዳይጠጣት ብዬ ልጽፍ ነው!» አለ ተማሪዎቹን ይዞ ውኃችንን ሊመረምር የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር ዛሬ ጠዋት። ደሜ ፈላ።

አምበር ከተማ አጠገብ ያለችው ምንጫችን ናት፤ መንደሩ ሁሉ ከእሷ ነው የሚቀዳ። ቆፍሬ ያወጣኋትም እኔ ነኝ።

ድንጋይዋ ላይ ያለው ዝልግልግ ውስጥ ዳያተም የሚሉት ደቃቅ ፍጥረት አለ። መምህሩ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ከቆሸሸ ወንዝ ካመጣው ጋር አንድ ሆኖበታል።

«እስቲ እኔም ልየው።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ትምህርት ይጠይቃል።»

«የዘር ጤፍ መዳፌ ላይ በትኜ የምለይ ሰው ነኝ! ዞር በል!»

አየሁ። ሁለቱም የታንኳ ቅርጽ አላቸው፤ ጎናቸው ላይ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደረ መስመር አለ። የወንዙ መስመር እስከ መሐሉ ይዘልቃል። የእኛይቱ ግን መሐሏ ባዶ ነው።

«አንድ አይደሉም» አልኩት።

አጎንብሶ አየ። ደግሞ አየ። ተማሪዎቹም ተጠግተው ከበቡት።

«ልክ ነዎት አባባ። የእርስዎዋ ንጹሕ ውኃ የምትወደዋ ናት።» ሊጽፍ የጀመረውን ወረቀት ቀደደው።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናንተስ፣ የተማረ ሰው ሳያየው ያለፈውን በዓይናችሁ የያዛችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ታነብልኛለች።