መብራት ሲጠፋ የጠራው ሙዚቃ

ዛሬ ከሰዓት ነቀምቴ መብራት ጠፋ፤ የእኔም ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ።

ዳክ ሠርቻለሁ። የስልክን ሙዚቃ አጥርቶ ወደ ስፒከር የሚልክ ሳጥን ነው። የእኔው ግን ሦስት ወር ሙሉ ከዘፈኑ ሥር "እዝዝ" ይላል።

ካፓሲተር ቀየርኩ። ትራንስፎርመር ቀየርኩ። ሽቦውን እንደ አዲስ በየድኩ። በመጨረሻ "እጄ ነው የማይረባው" ብዬ ልተወው ነበር።

ዛሬ ጎረቤቴ ቶለራ የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ አመጣ። ሳጥኑንም ስፒከሩንም በሱ አስነሳን። እዝዝታው የለም!

"ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይሰማል እኮ!" አለኝ።

ለካ ችግሩ ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነበር። እጄን በከንቱ ስወቅስ ከርሜያለሁ።

ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። መብራት በመምጣቱ ቅር ያለው እኔ ብቻ ነኝ።

እናንተስ፣ ባላጠፋችሁት በራሳችሁ ላይ የፈረዳችሁበት ጊዜ አለ?