ውሃው ገና አልጠራም

በቀደም ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልኬን ላሠራ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጠጋኙ ጀርባ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰውየው ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ነው፣ ከቤቱ ካተረፈው ጥቂት ዕቃ ጋር አንድ የመስተዋት ገንዳ ተሸክሞ መጥቶ ቀያይ ዓሦች ያረባበታል። ዓሦቹን ብዙም አላየኋቸውም። ያቺን አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ግን የትም ብሰማት አውቃታለሁ፣ በልጅነቴ ጠዋት ስነቃ ከሁሉ በፊት የምሰማት እሷን ነበርና። እኛም ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ ነበረን፤ ልዩነቱ የእኛው የባሕር ውሃ ተሞልቶ፣ አንድም ዓሣ ሳይገባበት መቅረቱ ነው።

አባቴ ሞላ የሎሪ ሹፌር ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ ገበያው በጆንያ ሲጨናነቅ፣ ከገዳሪፍ ወደ ፖርት ሱዳን እየተመላለሰ ይከርምና፣ ሲመለስ ስኳርና ዱቄት ጭኖ፣ አንገቱና ልብሱ ጨው ጨው እየሸተተ ይገባ ነበር። ራት ቀርቦ እጁን ሳይታጠብ ስለ ባሕሩ ማውራት ይጀምራል፣ ስለ ዓሦቹ በተለይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ስለሆኑት፣ እንደ ጋቢ ጥለት ዙሪያቸውን ስለተሸለሙት። እናቴ ውባለም ከመተማ ወዲህ እንጂ ከገዳሪፍ ወዲያ ሄዳ ስለማታውቅ፣ «ይህን እንኳ ለማታውቅህ ንገራት» እያለች ወጡን ታወጣለት ነበር። እሱም አይከፋውም፣ ትስቅ ዘንድ ሌላ የባሰ ዓሣ ይጨምርላታል።

አንድ ዓመት አዝመራ ሊያልቅ ሲል ግን አባቴ አመሻሽ ላይ ሎሪውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ቦይ ውስጥ ከተተው፣ የረዳቱም ክንድ ተሰበረ። አቧራ ጋርዶኝ ነው አለ። እናቴ አቧራውን አላመነችም፣ ደክሞታል ብላ ጠርጥራ መኪናውን እንዲተው ትጨቀጭቀው ጀመር፣ እሱም እየተቆጣ፣ አንዳንዴም እያኮረፈ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ነገር አመጣ። የመስተዋት ገንዳ አሠራለሁ፣ ጓደኞቼ ከፖርት ሱዳን ውሃና አሸዋ ያመጡልኛል፣ ዓሦቹን ግን በሰው እጅ አላስመጣም፣ ውሃው ሲጠራ እኔው አንድ ጊዜ ሄጄ መርጬ አመጣቸዋለሁ፣ አንቺም አይተሽ ታምኛለሽ፣ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨብጥም አለ። እናቴ አስምላው ተስማማች። እንዲህ ሆኖ የአባቴ የመጨረሻ ጉዞ በዚያ ውሃ መጥራት ላይ ተንጠለጠለ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀንም ይህን እንደ ትልቅ ሰው እናውቅ ነበር።

ገንዳው የተሞላው በበጋው፣ ቆርቆሮው በሚጮህበት ሙቀት ነው። የባሕር አሸዋ አይታጠብም፣ ያው ከባሕር የወጣ አይደል ብሎ አባቴ እንዳለ ገለበጠውና ጀሪካኖቹን ሲያፈስበት፣ ውሃው ወዲያው አመድ መሰለ። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። ገዳሪፍ በበጋ የሚጠጣው በአህያ ጋሪ የሚመጣ፣ ዝናብ ከተጠራቀመበት ጉድጓድ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ነበርና፣ ውሃ ማጥራት የእሷ ሙያ ነበር፤ ነጭ ድንጋይ የሚመስለውን ሸብ በጋኑ ውስጥ በእጇ አዙራ አዙራ ስታወጣው፣ ጭቃው ከታች ረግቶ ላዩ ይጠራል። ምን ያህል ማዞር እንደሚገባ ስለምታውቅ ጎረቤት ሁሉ ይጠራት ነበር። አሁንም ሸቧን ይዛ መጣች።

«ዓሣ ይገላል» አላት አባቴ።

«ሰው ጠጥቶት ያልሞተ ዓሣ ይሞትበታል?»

ሸቡን ከለከላት። ነገር ግን ዝም ብሎ መቀመጥም አልሆነለትም፣ ውሃውን በባልዲ እየቀዳ በእናቴ ነጠላ ያጠልለው ጀመር። ለጉድጓድ ውሃ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው። የረጋው አሸዋ በተቀዳ ቁጥር እየተነሣ፣ ነጠላዋም በጨው ደርቆ እንደ ቆዳ እየቆመ፣ ውሃው ጠዋት ትንሽ ገለጥ ካለ ማታ ተመልሶ አመድ ይሆናል። እናቴ ስለ ነጠላዋ ብዙ ተናገረች፣ ስለ ሸቡም በየቀኑ ሳታነሣ አታድርም ነበር።

ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወራት፣ ገብቶ ጥቁሩ ጭቃ ሎሪዎችን ሁሉ ባሉበት ሲያስራቸው፣ አባቴ ሥራ ፈትቶ ገንዳውን እንደገና ዘረገፈው። አሸዋውን በዝናብ ውሃ እያጠብን እኔና ሙሉቀን እጃችን ተላጠ። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ለጥቂት ቀን ደስ አለን፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ መልክ መጣ፤ አሁን አመድ ሳይሆን ወተት ሆነ፣ ትንሽም ይሸት ጀመር። አባቴ ፖርት ሱዳን ለሚያውቀው ዓሣ ሻጭ ደወለ። ሰውየው ሳቀና «ኸሊሁ፣ ያ ሞላ» አለው፣ ተወው ማለቱ ነው፤ አዲስ ገንዳ እንዲህ ይላል፣ አየሩን አታቋርጥበት፣ እጅህን ግን አታስገባ፣ ራሱ ይጠራል አለው። መብራት ሲሄድ አባቴ ሞተሯን በሎሪ ባትሪ ላይ ቀጥሎ ያስነሣታል። ቀሪው ጊዜ መጠበቅ ነበር፣ ለአባቴ ደግሞ ከመጠበቅ የከበደ ሥራ የለም።

ኸሪፉ ሲያበቃ አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንለብስ ገንዳውን አየሁት። ውሃው ጠርቶ ነበር። ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀው ሲሚንቶ በወዲህ በኩል ይታያል፣ ታች አሸዋው ላይ ያለው ዛጎል አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ሳልናገር አባቴ ከውጭ ገብቶ ጎንበስ አለ፣ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆየ፣ መስተዋቱን በእጅጌው ጠረገና እንደገና አየ።

«ዛሬም ወተት ነው» አለ።

እናቴ የሻይ ብርጭቆዎች ይዛ ቆማ ነበር። ውሃውን አየች፣ ከዚያ አባቴን አየች፣ ዓይኑን። ሙሉቀን «አባዬ፣ ወላሂ ዛጎሉ…» ብሎ ሲጀምር እጇን አንገቱ ላይ ጣል አደረገች።

«አዎ፣ ዛሬም ደፍርሷል» አለች። «ተወው፣ ይቆይ።»

በር ላይ ሸኝታን ስትመለስ ማንም ቢጠይቀን ውሃው ድፍርስ ነው እንድንል ነገረችን። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም። መንገድ ላይ ሙሉቀን አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ፈርቼ ነበር እንጂ።

አዝመራው ደርሶ የሎሪው ባለቤት ሰው ሲልክበት አባቴ «ውሃዬ ገና አልጠራም» ብሎ መለሰው። ሌላ ጊዜም ተላከበት፣ ያንኑ መለሰ፣ ሎሪው በሌላ ሹፌር ሄደ። እናቴ በዚያ ሰሞን ሰው ቤት እንዳይገባ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትውል ነበር። ሆኖም ሐጃ አምና የምትባል ጎረቤታችን ሳታንኳኳ የምትገባ ሴት ነበረችና አንድ ቀን ገንዳው ፊት ቆማ፣ «ማሻአላህ፣ ሞላ፣ ውሃህ እንዴት ጠራ!» አለችው። ሁላችንም ደነገጥን። አባቴ ግን ሳቅ ብሎ፣ «ሐጃ፣ ዓይንሽ ደክሟል፣ ሐኪም ይይሽ» አላት። እሷም ገንዳውንና እሱን ተራ በተራ አይታ እናቴን ተመለከተች፣ ከዚያ «እውነትህን ነው፣ አርጅቻለሁ» ብላ ወጣች። አባቴም የዚያን በጋ ከበሬ እንደተፈታ ቀንበር ጥግ ይዞ ከከረመ በኋላ፣ ሎሪዎች የሚቆሙበት ሻይ ቤት እየዋለ ጭነትና ሹፌር ማገናኘት ጀመረ። ሎሪዎቹን ሁሉ በሞተራቸው ድምፅ ለይቶ ይጠራቸው ነበር። ገንዳው ቀስ በቀስ ደርቆ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ።

የዓይኑ ሞራ የተገፈፈው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው። ፋሻው የተፈታ ሰሞን ልጠይቀው ሄጄ፣ እናቴ ገበያ ወጥታ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ሳለን፣ «ያኔ ውሃው ጠርቶ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አውቄአለሁ እኮ» አለ። «እናትሽ ድፍርስ ውሃ አይታ ሸብ ሳታነሣ ያለፈችበት ቀን ያ ብቻ ነው። ይቆይ ስትለኝ ጊዜ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«መንገዱን ፈርቼው ነበር፣ ልጄ። ሎሪው ቦይ በገባባት ማታ ያየሁት አቧራ አልነበረም፣ ምንም አላየሁም። ፈራሁ ማለት ግን አቃተኝ። እሷ በር ከፈተችልኝ፣ ወጣሁ።» ወደ ደጅ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኳትም። እናቴ ጎረቤት ሲሰበሰብ አሁንም እንዴት እንዳታለለችው እያሳመረች ታወራለች፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ አባቴም ራሱን እየነቀነቀ «ምን ላድርግ፣ አልታየኝማ» ይላል። እኔና ባለቤቴ እንዲህ አይደለንም፣ የፈራነውንም የደበቅነውንም በዚያው ቀን ተነጋግረን፣ አንዳንዴም ተጨቃጭቀንበት እንተኛለን። ይህ ደግ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጆቼም እንዲህ እንዲኖሩ እመኛለሁ። ብቻ ያኔ እናቴ፣ እኔ ዛሬ እንደማደርገው፣ ያየችውን ብትናገር ኖሮ አባቴ እልህ ይዞት በማግስቱ ሎሪው ላይ ይወጣ ነበር።