ስድስት ጊዜ የደወለው የጀርመን ሰዓት

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ በገባን በሁለተኛው ዊንተር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ጋሃና በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ይኖር ነበር። ፒያሳ ሃያ ዓመት ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ግን ያገኘው ሥራ ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን ማንሳት ሆነ። ከሺፍት ሲመለስ ጣቶቹ ከማበጣቸው የተነሳ ጓንቱን በጥርሱ እየጎተተ ነበር የሚያወልቀው። «ሌላ አንድ ዓመት ሣጥን ካነሳሁ ይሄ እጅ ብሎን አይዝም፤ አበቃ!» ይል ነበር፣ እጁን እንደ ሰው እየተቆጣ።

ታዲያ ቤክስሊ በሚባል ሌላ ሰፈር የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ያላት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት፣ ሰዓት ጠጋኝ እንደምትፈልግ ሰምቶ ሄደ። እሷም ማንም ያልቻለውን የጀርመን የጠረጴዛ ሰዓት አስታቀፈችው። «ጠግነው። ሳምንት ሙሉ ሳይቆም ከሄደ፣ እንደሄደ አምጣልኝ፤ ሥራው ያንተ ነው» አለችው። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም።

ያኔ በዊንተር አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። ከትምህርት ቤት መጥቼ ደረጃውን ስወርድ የአልኮል ኩራዙ ሰማያዊ ነበልባል፣ የብየዳው ጭስና የማሽን ዘይት ሽታ ይቀበሉኝ ነበር፤ ከጋዝ ማሞቂያው አጠገብ፣ ፊቴ በፍሙ ቅላት እየጋለ፣ ጀርባዬ ግን በሲሚንቶው ቅዝቃዜ እየደነዘዘ እቀመጥና ጋሼ ያን ሰዓት እየፈታ፣ ሰዓቱን የሠራውን ድርጅት ታሪክ ይነግረኝ ነበር። ታሪኩን የሰማው ሙያውን ካስተማረው፣ እዚያው ፋብሪካ ሠልጥኖ ከመጣ ሰው ነው።

«ይሄ የሰዓት ፋብሪካ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂያለሽ?»

«ኖ።»

«ኖ ትላለች! ደግሞ በዚህ አፍሽ አማርኛ ረሳሁ እንዳትዪኝ። ስሚ!»

እንደ እሱ አነጋገር፣ በጀርመን ጥቁር ደን ውስጥ በረዶ በር ሲዘጋበት ሰው ከማማት እንጨት መጥረብ የመረጠ አንድ ድሃ ገበሬ ነበር። ጠርቦ ጠርቦ የእንጨት ሰዓቶች ሠራና በጀርባው አዝሎ ከተማ ወረደ። ሰዓቶቹ ግን አንድ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበራቸው። የከተማው ሰው «ደቂቃውስ የታለ?» ብሎ ሳቀበት። እሱም «ላሜ የምትታለበው በሰዓት ነው፤ ደቂቃ ጠይቃኝ አታውቅም!» አለ። ሲመሽ ያዘለውን ሁሉ ሸጦ ነበር። ልጁ እንጨቱን በናስ ለውጦ ፋብሪካ ከፈተ። ጦርነት መጣ፤ ወንዶቹ ዘመቱ፣ ናሱ ለጥይት ተወረሰ። ያኔ የልጁ ሚስት ዋና ዋናዎቹን መሣሪያዎች ምድር ቤት ወስዳ ድንች ከመረችባቸው። ናስ ፍለጋ የመጡት ወታደሮች ያን ድንች ረግጠውት ወጡ! ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ከድንች ሥር ተነሳ። በመጨረሻ የባትሪ ሰዓት መጥቶ የጎረቤት ፋብሪካዎችን ሲያዘጋ፣ የልጅ ልጆቹ በሞላ የሚሄድ ሰዓት መሥራቱን አንተውም አሉ።

«እንኳን ባትሪ፣ ጦርነትም አልቻላቸው!» ብሎ ጋሼ ጠረጴዛውን ሲመታ እናቴ ከላይ «ጋሼ፣ ልጅቷ ሆምወርክ አላት!» ብላ ትጮሃለች።

አንድ ማክሰኞ ችኩል ሆኜ «ለምን ቶሎ አትጨርሰውም?» ስለው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ አባረረኝ። አርብ ሞላውን ጠቀለለው፤ ሰዓቱም መሄድ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ አልነካውም። ጧት ጧት ጫማዬን ሳላስር ወርጄ ጆሮዬን እለጥፍበት ነበር፤ ይቆማል ብዬ ስፈራ ሳምንቱ አላልቅ አለኝ።

ስምንት ቀን ሲሞላው፣ ቅዳሜ፣ መኪናው ውስጥ ሰዓቱን ሳይቆም ጭኔ ላይ ይዤው ቤክስሊ ደረስን። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። አሮጊቷ ሰዓቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። የሱቁ ግድግዳ ሰዓቶች በሙሉ አስራ ሁለት ጊዜ ሲደውሉ የእኛም ጀመረ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ዝም አለ።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስቷል። አዝናለሁ» አለች።

ጋሼ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታና «አይ ደምሴ! የፒያሳ ሰው!» ብሎ ሳቀ። እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን የእጅ ሰዓት አሳያት፤ እሱም ስድስት ይላል። በተሰባበረ እንግሊዝኛው «በእኛ አገር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። እጄ በለመደው ሞላሁት» አላት።

አሮጊቷ መነጽሯን አጠለቀች። የእኛን ደቂቃ ቆጣሪ አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ሰዓቷን አየች፣ እንደገና የእኛን።

«ከሞላኸው ጀምሮ ነክተኸዋል?»

«እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልነካሁም።»

«ሳምንት ሙሉ ሄዶ አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። «ስምህ ማን ነው? ሰኞ ጀምር።»

እልል ማለት አማረኝ፤ አልኩትም። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ምን ጉድ መጣ ብለው ዞሩ፤ ጋሼ ግን «ድገሚው!» አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ዌርሃውሱ ሄደን የመግቢያ ባጁን መለሰ። ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ሌላ ጆብ አገኘህ እንዴ?» አለው። ጋሼ ያበጡ ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ አልደበቀም። «ጆብማ እዚህም ነበረኝ» አለው። «አሁን የምሄደው ወደ ሙያዬ ነው።»

የዚያን የጀርመን ፋብሪካ ታሪክ ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ ምናልባትም ግማሹን ጋሼ ራሱ ጨምሮበት ይሆናል። ያን ቀን ከዌርሃውሱ በር ሲወጣ የነበረውን አረማመድ ግን አልረሳሁትም። ሮጬ ነበር የደረስኩበት።